ዘበኛው የማን ነው?

በአገራችን አጥር ያለው ቤት ሁሉ በር አለው፤ በሩም ባለቤቱ አቅም ካለው ዘበኛ አለው። ዘበኛ የሚቀጠረው እንግዳን ለመጥላት አይደለም፤ የሚገባውን ከማይገባው ለመለየት ነው። መልካም ዘበኛ የሚባለውም ዱላው ስለ ረዘመ ሳይሆን፥ የቤቱ ባለቤት ማንን እንዲያስገባና ማንን እንዲመልስ እንዳዘዘው ጠንቅቆ ሲያውቅና በትእዛዙ ሲሠራ ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ እንግዳውን ከበር የሚመልስ ዘበኛ ቢኖር ግን፥ ይህ ሰው የሚታዘዘው ለማን ነው ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ተግባር ነው።

ዛሬ በዓመታዊው መጽሔታችን ላይ ላቀርበው ያሰብሁት አስተያየት ዱላ ስለማይዝና ካፖርት ስለማይለብስ ዘበኛ ነው። ይኸውም በኰምፒዩተርና በስልክ መንገድ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውንና የሚሄደውን መልእክት አድራሻ እያየ «እለፍ» ወይም «ተመለስ» የሚል ፕሮግራም ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ርእሱን በሰሙ ጊዜ «ይህ የባለሙያ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብለውኛል። እኔ ግን የአቃቂ ቃሊቲ ተማሪዎች የሆንን ሰዎች ከማንም ይልቅ ልናስብበት የሚገባ ነገር ነው እላለሁ። ምክንያቴንም በተራ በተራው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስለ አድራሻው ጥቂት ልበል። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ መሣሪያ ሁሉ አይ ፒ አድራሻ በሚባል ቍጥር ይታወቃል። በሰፊው የተለመደው አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቍጥሮች ያሉት ሲሆን፥ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በዚህ አኳኋን ሊገኙ የሚችሉት አድራሻዎች በጠቅላላው 4,294,967,296 ናቸው። ይህም ለዓለም ሕዝብ የማይበቃ ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ብዙ ሰዎች በአንድ አድራሻ በጋራ ይጠቀማሉ። ደብዳቤ ያለ ፖስታ ሣጥን ቍጥር እንደማይደርስ ሁሉ፥ በኢንተርኔትም ላይ መልእክት ሲላክ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ በላዩ ተጽፎበት ነው። ዘበኛው የሚያነበው ይህንን ጽሑፍ ነው።

ፋይል የመጋራት ዘዴም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት ቢትቶሬንት ለሚባለው ዘዴ የተነገረ ይመስላል። ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ሠሪ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ዘዴ አንዱን ትልቅ ፋይል ወደ ብዙ ትናንሽ ቍራጮች ይከፋፍለዋል። ቍራጩን ያገኘ ሁሉ ለሌላው ያካፍላል፤ የጐደለውንም ከሌላው ይቀበላል። ስለዚህ ፋይሉ ከአንድ ትልቅ መጋዘን መቀዳቱ ቀርቶ ከብዙ ትናንሽ ቤቶች ይሰበሰባል፤ ተካፋዩ ሲበዛም ሥራው ይቀልላል እንጂ አይከብድም። ኡቡንቱን የመሰሉ ያለ ዋጋ የሚታደሉ ትልልቅ የኰምፒዩተር ፕሮግራሞች በዚህም መንገድ ይታደላሉ። ነገር ግን ሎሚውን አብሮ የሚሸከም ሰው የጓደኞቹን ፊት ማየቱ አይቀርም። በመጋራቱ ውስጥ የገባ ሁሉ የሌሎቹን አይ ፒ አድራሻ ያያል፤ የእርሱም ለሌሎቹ ይታያል። ከተሸካሚዎቹ መካከል ሎሚ ፈልጎ ሳይሆን ማን ምን እንደ ተሸከመ ሊመዘግብ የገባ ቢኖር፥ ለይቶ የሚያውቀው ማን ነው?

ዘበኛውን የወለደው ይህ ጥያቄ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ፒርጋርዲያን የተባለ ፕሮግራም ወጣ። ሥራው ለመረዳት ቀላል ነው። ሰው ይሰልላሉ ተብለው የተጠረጠሩ አድራሻዎች የተጻፉበትን ዝርዝር ይይዛል፤ ከኰምፒዩተሩ ጋር ሊገናኝ የሚመጣውን አድራሻ ሁሉ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ካገኘው በሩን ይዘጋበታል። በ2005 ሁለተኛው ፒርጋርዲያን የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ሆኖ ወጣ። ይህም ማለት ማንም ሰው ፕሮግራሙ እንዴት እንደ ተሠራ ሊያነብ፥ ስሕተት ሊያርም፥ አሻሽሎም ለሌሎች ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። የፊተኞቹ ሠሪዎች ሥራውን በተዉ ጊዜ ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ያንኑ ኮድ አንሥተው በ2009 ፒርብሎክ በሚል ስም ቀጠሉበት። ፒርብሎክም በተራው በ2014 የመጨረሻውን እትሙን አውጥቶ ቆመ። ይሁን እንጂ ሐሳቡ አልሞተም። ትራንስሚሽንና ኪውቢትቶሬንት የተባሉት ክፍት የመጋሪያ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚቀበል ዘበኛ በራሳቸው ውስጥ ይዘዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ኮዱ የተከፈተ ሥራ ከሠሪው እጅ ቢወድቅ የሚያነሣው ሌላ እጅ አያጣም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን ይህ ነው። በእነዚህ ፕሮግራሞች የሚጠቀም ሰው ዝርዝሩን ራሱ ይመርጣል፤ ያነበዋል፤ የማይገባውን አድራሻ ይሰርዛል፤ የሚገባውን ይጨምራል፤ ዘበኛው ያስቸገረው ዕለትም ያሰናብተዋል። ባለ ቤቱ እርሱ ነው፤ ዘበኛውም የእርሱ ነው።

ይህን ስል ዘበኛው ሁሉን ቻይ ነው ማለቴ አይደለም። አድራሻ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ትናንት የሰላይ የነበረው ዛሬ የአንድ ተራ ሰው ሊሆን ይችላል። ሰላዩም ብልህ ከሆነ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አድራሻ ይመጣል። ዝርዝሮቹም አንዳንድ ጊዜ ሰፊ ሆነው ተጠርጣሪውን ሲፈልጉ ምንም ያላደረገውን ጭምር ይዘጉበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሰውን አድራሻ አይሰውርም፤ በዝርዝሩ ውስጥ ላልተጻፈ ሁሉ አድራሻችን እንደ ታየ ነው። ስለዚህ በእርሱ ብቻ የተማመነ ሰው በሩን ቈልፎ መስኮቱን ክፍት ትቶ እንደ ተኛ ሰው ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ጕድለት ልናውቀው የቻልነው ፕሮግራሙም ዝርዝሩም በግልጽ ቦታ ስለ ተቀመጡ መሆኑን አንርሳ። የተሰወረ ዘበኛ ጕድለቱም የተሰወረ ነው።

ደግሞም «ይህ የሌባ መሸሸጊያ አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ብዙዎቹ የፋይል ተጋሪዎች ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ዘፈንና ፊልም እንደሚለዋወጡ አይካድም። በአገራችንም የድምፃዊውንና የደራሲውን ልፋት የሚጠብቅ በ1996 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቍጥር 410 አለ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 872 ተሻሽሏል። እኔም አንድ ድምፃዊ ዓመት ሙሉ የለፋበትን አልበም በነፃ የሚቀዳውን ሰው አልደግፍም። ነገር ግን ሌባ በሩን ስለሚቈልፍ ቍልፍ ሠሪው አይከሰስም፤ ቍልፍ መግዛትም የሌብነት ምልክት አይሆንም። ይህች አንዲት ነጥብ ወደ ኋላ ወደምነግራችሁ ጕዳይ ስለምታደርሰን አንባቢ በልቡ ያኑራት።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቤት ዘበኛ ነው። አሁን ደግሞ ስለ ከተማ በር ዘበኛ ልናገር። ይኸኛው የሚቆመው በእያንዳንዱ ሰው ደጅ ሳይሆን፥ የአገሩ ሕዝብ መልእክት ሁሉ በሚያልፍበት በዋናው በር ላይ ነው። ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ዝርዝር ይይዛሉ፥ ሁለቱም አድራሻ ያመሳክራሉ። የሚለያዩት የፊተኛውን ዝርዝር ባለ ቤቱ ሲያየው የኋለኛውን ግን በዚያ በር የሚያልፈው ሰው የማያየው በመሆኑ ነው።

በአገራችን እስከ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በዚያ በር የሚያሳልፈው የመንግሥት ቴሌ ብቻ ነበረ። ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የጦማር ገጾች ከኢትዮጵያ ውስጥ መከፈት አቃታቸው። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ደግሞ ቶር የሚባለው፥ ኮዱ ክፍት የሆነና የተጠቃሚውን መንገድ የሚሰውር ፕሮግራም በኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ተዘጋ ሠሪዎቹ አስታወቁ። መልእክቱ የታገደው በላዩ ያለው አድራሻ ብቻ ታይቶ ሳይሆን የውስጡ አኳኋን ጭምር ተመርምሮ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አከለካከሉ ነው። «ይህ ገጽ በእንዲህ ያለ ሕግ፥ በእንዲህ ያለ ምክንያት ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ለተጠቃሚው አይወጣለትም ነበር። ገጹ ዝም ብሎ እምቢ ይላል። ሰውየውም «ኔትወርክ የለም» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። የተከለከለ ሰው መከለከሉን እንኳ ሳያውቅ መቅረቱ፥ ከክልከላው ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል።

ያ የተሰወረ ዝርዝር እንዲታይ ያደረገውም ሌላ ክፍት ፕሮግራም ነው። ኦኒ የሚባል፥ ማንም በገዛ ኰምፒዩተሩ ላይ ጭኖ የትኛው ገጽ እንደ ተዘጋ የሚለካበት ፕሮግራም አለ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻና በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ ፕሮግራም ከተለካ በኋላ፥ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር በአንድነት የወጣው ዘገባ የዜና ገጾችና ዋትስአፕ እንደ ተዘጉ በማስረጃ አሳየ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት 264 ድረ ገጾች እንደ ተከፈቱ አስታወቀ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። ሆኖም አስተውሉ፤ ሕዝቡ የዝርዝሩን ርዝመት በቍጥር የሰማው ዝርዝሩ በተቀደደ ዕለት ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፈራችንን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፋብሪካዎቹ ወይም በአቃቂ ወንዝ ሳይሆን በወህኒ ቤቱ ነው። «ቃሊቲ ወረደ» ሲባል መታሰር ማለት እንደ ሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጋዜጠኛ ርእዮት ዓለሙ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፥ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. በእስር ሳሉ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነበሩ። በዚያ ዘመን ማረሚያ ቤቱ በስምንት ዞኖች የተከፈለ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡ ወጣት ጦማሪዎችም «ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ሁሉ ዘጠነኛው ዞን ነው» በማለት ገጻቸውን ዞን ዘጠኝ ብለው ሰየሙት። ስሙ የተገኘው ከእኛው ጎረቤት ነው። ገጹም ብዙ ሳይቆይ በኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይከፈት ተዘጋ፤ የበሩ ዘበኛ በዝርዝሩ ጻፈው።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከጦማሪዎቹ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ተያዙ። በሐምሌ ወር በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቍጥር 652/2001 ተከሰሱ። ሴቶቹ፥ ማለት ጦማሪ ማሕሌት ፋንታሁንና ጋዜጠኛ ኤዶም ካሣዬ፥ በቃሊቲ ታሰሩ፤ ወንዶቹ በቂሊንጦ ነበሩ። ከክሱ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ነገር መልእክትን በምስጢር የመጠበቅ ሥልጠና ወስደዋል የሚል ነበር። «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የሚባለው ማስተማሪያም በክሱ ውስጥ በስሙ ተጠቅሷል። ይህ ማስተማሪያ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ያለ ዋጋ የተቀመጠ ሲሆን፥ ጠንካራ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ፥ ኰምፒዩተር ከቫይረስ እንዴት እንደሚጠበቅ፥ ፋይል እንዴት እንደሚቈለፍ ያስተምራል። በክፍል ውስጥ የኰምፒዩተር ትምህርት መምህራችን ከሚሰጡን ምክር ብዙ የሚርቅ ነገር የለውም።

ፍጻሜውም እንዲህ ሆነ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ዐቃቤ ሕግ የአምስቱን ክስ አንሥቶ ተፈቱ። በጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ ከእነርሱም መካከል አቶ በፍቃዱ ኃይሉ በሌላ አንቀጽ እንዲከላከሉ ታዝዘው ከጥቂት ቀናት በኋላ በዋስ ወጡ። አዋጁም ራሱ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1176 ተተክቷል። ይሁን እንጂ ከአንድ ዓመት በላይ የታሰሩበት ጊዜ በምንም አይመለስም። እኔ ይህን የማነሣው የፖለቲካ ክርክር ለመቀስቀስ አይደለም። ቀደም ብዬ በልባችሁ አኑሯት ያልኋችሁን ነጥብ ለማስታወስ ነው። ቍልፍ መግዛት የሌብነት ምልክት አይደለም፤ በሩን መቈለፍ የተማረ ሰውም በመማሩ ሊጠረጠር አይገባም። የከተማው በር ዘበኛ ዝርዝሩን ሲሰውር፥ የቤቱም ባለቤት የገዛ ዘበኛውን መቅጠር ሲፈራ፥ ያ ዘጠነኛ ዞን የተባለው ነገር ቀልድ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እኛ ተማሪዎች ይህ ነገር በገዛ ደጃችን ደርሶብናል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ገጾች ላይ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ ወደ ሐምሌ ተላለፈ። በሐምሌም እንደገና ሲሰጥ ፌስቡክና የመሳሰሉት በመላው አገሪቱ ተዘጉ። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. የፈተና ወራትም ኢንተርኔት ተዘግቷል። ፈተና መሰረቅ ክፉ ነገር ነው፤ ሌሊት ሲያጠና ያደረውን ልጅ ይበድላል። ነገር ግን ጥቂት ሌቦችን ለመያዝ ሐኪሙንም ነጋዴውንም ከመንገድ መመለስ፥ አንድ በግ ጠፋ ብሎ ገበያውን ሁሉ እንደ መዝጋት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየገቡ እንዲፈተኑ መደረጉ፥ ብዙ ድካም ቢኖረውም፥ ሐሳቡ የተሻለ ነው። የተጠበቀው የፈተናው ወረቀት ነውና።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው በከረሙ ጊዜ የሆነውንም ሁላችን እናስታውሳለን። ትልቅም ትንሽም ቪፒኤን የሚባለውን ፕሮግራም ፍለጋ ሮጠ። የተገኘውን ሁሉ ጫነ። ቪፒኤን መንገዳችንን ሁሉ በእርሱ በኩል የሚያሳልፍ አሳላፊ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ወዴት እንደምንሄድ ሊያይ ይችላል። ስንቶቻችን ነን ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፥ ኮዱ የተከፈተ መሆኑንና አለመሆኑን የጠየቅን? የተሰወረውን ዘበኛ ለማምለጥ ስንል ሌላ የማናውቀውን ዘበኛ በገዛ እጃችን ቤታችን አስገባን። ክልከላ ሰውን አዋቂ አያደርገውም፤ ሰውን አዋቂ የሚያደርገው ትምህርት ነው።

«ታዲያ ምንም ነገር አይዘጋ ትላለህን?» የሚሉኝ ወላጆች እንዳሉ ይገባኛል። አልልም። ለሕፃናት የማይገባ ሥዕል፥ ሰውን በሰው ላይ የሚያስነሣ ቅስቀሳ፥ የሰውን ገንዘብ የሚሰርቅ የማታለያ ገጽ መኖሩን በዐይናችን እናያለን። አጥር የሌለው ቤት የጅብ መንገድ እንደሚሆንም አውቃለሁ። የእኔ ጥያቄ አጥር ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም። ዘበኛ ሲቆም ሦስት ነገሮች እንዲሟሉ ነው የምጠይቀው። አንደኛ፥ የተከለከለው ነገር ዝርዝር ለሚከለከለው ሰው ይታወቅ። ሁለተኛ፥ ምክንያቱ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ያለ አግባብ የተዘጋበት ሰው አቤት የሚልበትና መልስ የሚያገኝበት ቦታ ይኑር። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ዘበኛው አገልጋይ ነው፤ ከሌሉ ግን ዘበኛው ራሱ ጌታ ሆኗል።

ምናልባት ለመንግሥትና ለታላላቅ ድርጅቶች ምክር መስጠት ከተማሪ አቅም በላይ ነው ይባል ይሆናል። ስለዚህ እኛ ልንሠራው ከምንችለው፥ ከገዛ ትምህርት ቤታችን ልጀምር። በኰምፒዩተር ክፍላችን ብዙ ገጾች እንደ ተዘጉ ሁላችን እናውቃለን። የተዘጉት ግን የትኞቹ እንደ ሆኑ የሚያውቅ የለም። በዚህ ዓመት እኔና ሦስት የክፍሌ ልጆች ለባዮሎጂ ሥራችን ስለ ጡት ካንሰር የሚያስረዳ የሐኪሞች ጽሑፍ ብንፈልግ ገጹ ተዘጋብን። መምህራችንን ጠይቀን እርሳቸው ራሳቸው ሊከፍቱት ቢሞክሩ እምቢ አላቸው። ዝርዝሩ ከፕሮግራሙ ጋር ተሠርቶ ከውጭ አገር የመጣ እንጂ በትምህርት ቤቱ የተጻፈ እንዳልሆነ ነገሩን። እንግዲህ አስቡት! የቤቱ ባለቤት መምህራችን ናቸው፤ ዘበኛው ግን እርሳቸውንም መለሳቸው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ እዚህ ግን ባለቤቱን የናቀው አጥሩ ራሱ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር፥ ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን በትሕትና የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሲቻል ያ የተዘጋ ፕሮግራም ኮዱ ክፍት በሆነ ፕሮግራም ይተካ። ለምሳሌ ያህል ፓይሆል የሚባለው በድረ ገጾች ስም የሚከለክል ክፍት ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ሲሆን፥ በመጋዘን ውስጥ አቧራ ከሚጠጡት አሮጌ ኰምፒዩተሮቻችን በአንዱ ላይ ሊሠራ ይችላል። ከዚያም ሁለት መምህራን፥ አንድ የወላጅ ኮሚቴ አባልና ሁለት ተማሪዎች ያሉበት አነስተኛ ጉባኤ ዝርዝሩን በየመንፈቁ ይመርምር። ለዐይን የማይገቡት ገጾች በየስማቸው እንዲለጠፉ አልጠይቅም፤ እነርሱ «ለዕድሜ የማይገቡ» ተብለው በአንድ ክፍል ይመደቡ፤ ስማቸውንም ጉባኤው ብቻ ይያዘው። የቀረው ግን ከነምክንያቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ገጽ የተዘጋበት ተማሪ ማመልከቻ የሚጨምርበት ሣጥንም በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይቀመጥ።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። የኰምፒዩተር ክበባችን እስካሁን ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፈው በጨዋታ ነው። ጨዋታን አልጠላም፤ እኔም እጫወታለሁ። ነገር ግን በሳምንት አንድ ሰዓት አድራሻ ምን እንደ ሆነ፥ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚጠበቅ፥ የትኛው ፕሮግራም ኮዱ ክፍት እንደ ሆነ ብንማርበት ምን ይጐዳናል? ከእኛ መካከል ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ አሉ። የቆመን ክፍት ሥራ አንሥቶ መቀጠል ይቻላልና፥ አንድ ቀን በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያዝዙት፥ አያቶቻችን እንኳ ሊያነቡት የሚችሉት ዘበኛ የሚሠራ ልጅ ከዚህ ትምህርት ቤት ቢወጣ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጆቻችሁ በሩን መቈለፍ ሲማሩ አትፍሩ። ይልቁንም የማያውቁት ሰው በራቸውን ሲቈልፍላቸውና ሲከፍትባቸው ፍሩ። መምህሮቻችንም ሆይ፥ «ለምን ተዘጋ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ባለጌ አይባል። የዚያን ጥያቄ መልስ ጽፎ በሰሌዳ ላይ መለጠፍ አንድ ወረቀትና አራት እስፒል ብቻ ይጠይቃል። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ያ ወረቀት ተለጥፎ ብናገኘው፥ ትምህርት ቤታችን ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም ሆነ ከእኛ ለሚበልጡት ምሳሌ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።